ሂራጋና እና ካታካና፦ ፊደል ለቆጠረ ሰው

የጃፓንኛ አስተማሪ ነኝ። አዲስ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚፈሩት ካንጂን፣ ማለትም ከቻይና የመጣውን ጽሕፈት ነው። ፍርሃቱ ይገባኛል፤ መጀመሪያው ግን እዚያ አይደለም። መጀመሪያው ሂራጋና እና ካታካና ነው፤ እያንዳንዳቸው 46 መሠረታዊ ሆሄያት አሏቸው። ሀ ሁ ሂ ብሎ ላደገ ሰው አንድ ሆሄ ተነባቢን ከነአናባቢው መያዙ እንግዳ ነገር አይሆንበትም።

ልዩነቱን ግን ልብ በሉ። በእኛ ፊደል ካ፣ ኪ፣ ኩ ይመሳሰላሉ፤ በጃፓንኛ ጨርሶ አይመሳሰሉም፣ አንድ በአንድ ይጠናሉ። ሳድስም የለም፤ ብቻውን የሚቆም ተነባቢ «ን» ብቻ ነው። ስለዚህ ማርቆስ «ማ-ሩ-ኮ-ሱ» ተብሎ በካታካና ይጻፋል፤ የውጭ ስሞችና ቃላት የሚጻፉት በእሱ ነውና። ሂራጋና ለአገሬው ቃላትና ለሰዋስው ቅጥያዎች ያገለግላል።

ብዙዎች የሚሰናከሉት በካታካናው «ሺ» እና «ትሱ» ላይ ነው። ሁለቱም ሁለት አጭርና አንድ ረጅም ጭረት አላቸው። በ«ሺ» አጫጭሮቹ በግራ በኩል ከላይና ከታች ይሆኑና ረጅሙ ከታች ወደ ላይ ይሳባል፤ በ«ትሱ» አጫጭሮቹ ከላይ ጎን ለጎን ይቆሙና ረጅሙ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። በዓይኑ ብቻ ያጠና ሰው ያምታታቸዋል፤ የጭረቱን ቅደም ተከተል ጠብቆ በእጁ የጻፈ ግን እምብዛም አይሳሳትም።

እባካችሁ ጃፓንኛን በላቲን ፊደል እየጻፋችሁ አትቆዩ። ከመጀመሪያው ሳምንት አንስቶ እርሳስ ያዙና በሆሄያቱ ጻፉ፤ ከስማችሁ ጀምሩ።