«ሽታ ነው» ብላችሁ አትለፉት፦ የወረቀት ፋብሪካ ጋዝ በሕግ እንዴት ይያዛል?

ዕቃ ስትገዙ የሚመጣበት ካርቶን ምንም አይሸትም። የተሠራበት ሰፈር ግን ሊሸት ይችላል።

በ2021 እ.ኤ.አ አሜሪካ፣ ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ ካታውባ አካባቢ ሰው ሌሊት ሽታ እየቀሰቀሰው ተቸገረ። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ዓይን ማቃጠል። በሺዎች የሚቆጠር አቤቱታ ጎረፈ። ጣት የተቀሰረው ኒው-ኢንዲ በተባለ የወረቀት ፋብሪካ ላይ ነው።

👉 ለምን ይሸታል?
እንጨት ወረቀት እንዲሆን ሰልፈር ባለበት ኬሚካል ይቀቀላል። በዚህ ጊዜ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ይወጣል፤ ያው የበሰበሰ እንቁላል ሽታ።

👉 ምን ተፈጠረ?
ፋብሪካው ነጭ ወረቀት ትቶ ወደ ቡናማ ካርቶን ዞረ። ከቆሻሻው ውሃ ጋዙን በእንፋሎት የሚለየውን መሣሪያም አቆመ። ውሃው ክፍት ኩሬ ውስጥ ገባ፣ ጋዙ ደግሞ ወደ ሰፈር።

👉 ሕጉስ?
የአሜሪካ የንጹህ አየር ሕግ ለጤና አስቸኳይ አደጋ ሲኖር የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲው (ኢፒኤ) ወዲያው ትእዛዝ እንዲሰጥ ይፈቅድለታል። ሜይ 2021 ላይ ይህንኑ አደረገ፦ አጥሩ ላይ መለኪያ ይተከል፤ ጋዙ በ30 ደቂቃ አማካይ ከቢሊዮን 600 እጅ፣ በ7 ቀን አማካይ ደግሞ ከ70 እጅ አይብለጥ። ቆይቶም ፋብሪካው 1.1 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ለመክፈል ተስማማ።

ለምን መለኪያ አስፈለገ? ይሄ ጋዝ ሲበዛ አፍንጫን ያደነዝዛል። ሽታው ጠፋ ማለት ጋዙ ጠፋ ማለት አይደለም። አፍንጫ ይለምዳል፣ መለኪያ ግን አይለምድም።