የተደፋው ደም

በጎንደር ምድር፣ ከወለቃ እስከ ደምቢያ፣ ከወገራ እስከ ስሜን በተበተኑት መንደሮች፣ ኦሪትን በግእዝ እያነበቡ፣ ሰንበትን እየጠበቁ፣ ፊታቸውንም ወደ ኢየሩሳሌም መልሰው እየጸለዩ በኖሩት በቤተ እስራኤል ላይ ጎረቤቶቻቸው የሚያወሩት አንድ የቆየ ወሬ ነበረ፤ ይኸውም ቀን በወናፍና በመዶሻ ሲደክም የሚውለው ቀጥቃጭ ማታ ጅብ ሆኖ ይወጣል፣ በዓይኑ የወጋውንም ሰው ደሙን ይጠጣል የሚል ነው። ይህን ወሬ ያወራነው እኛ ነን። ማረሻችንን የሚቀጠቅጥልንን፣ እንስራችንንና ምጣዳችንን የምትሠራልንን፣ ያለ እነርሱም እጅ አርሰን መብላት የማንችለውን ሰዎች ቡዳ ብለን ከማዕዳችን አራቅን፤ እነርሱም ይህን ሁሉ ታግሠው፣ አበው የነገሯቸውን ተስፋ ይዘው ወደ ጽዮን ከገቡ በኋላ፣ በዚያ አገር የራሳቸው ደም የሚያስፈራ ሆኖ ተገኘና በስውር ተደፋ። ደም ጠጪ ተብለው ከተፈሩበት አገር ወጥተው ደማቸው ወደሚፈራበት አገር የገቡትን የእነዚህን ሰዎች ነገር ስጽፍ፣ የሌላውን መንግሥት በደል ለመቍጠር የቸኮልሁ እንዳይመስል፣ መዝገቡን ከራሳችን ቤት መጀመር ይገባኛል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፈላሻ የሚለው ቃል ፈለሰ ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ሲሆን፣ በገዛ አገሩ የተቀመጠውን ሰው መጻተኛ የሚያደርግ ስም ነው። በዐሥራ አምስተኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የነገሠው ዐፄ ይስሐቅ የተጠመቀ ብቻ የአባቱን ርስት እንዲወርስ፣ ያልተጠመቀ ግን ፈላሲ ሆኖ እንዲቀር አዝዟል ተብሎ በትውፊት ይነገራል፤ የዐዋጁ ዝርዝር እንዴትም ይሁን፣ ርስት አልባነቱ ግን እስከ እኛ ዘመን የደረሰ እውነት ነው፤ መሬት የሌለውም ሰው እጁን ለብረትና ለሸክላ ከመስጠት በቀር ሌላ መንገድ አልነበረውም፤ ከዚያም በኋላ ያንኑ በግድ የያዘውን ሙያ ለመናቂያው ምክንያት አደረግንበት። እነርሱ በበኩላቸው የኦሪትን የንጽሕና ሥርዓት በብርቱ ይጠብቁ ስለ ነበር፣ ከሌላ ሰው ጋር የተነካካ ሳይታጠብ ወደ ቤቱ አይገባም ነበርና ጎረቤት «አትንኩኝ» ብሎ ሰየማቸው። ሴት የወር አበባ ሲመጣባት ከመንደሩ ዳር በድንጋይ ታጥሮ በተሠራው የመርገም ጎጆ ትቀመጥ ነበር፤ የታረደ እንስሳም ደሙ ፈጽሞ ሳይፈስ ሥጋው አይበላም ነበር። በዚህ ዓይነት ለደም ከባድ ክብርና ከባድ ፍርሃት የነበረው ሕዝብ ነውና፣ ኋላ በደሙ የደረሰበት ነገር ከሌላው ሰው ይልቅ ጠልቆ እንደ ወጋው ማስተዋል ያሻል።

በ1973 የእስራኤል የሴፋርዳውያን ዋና ረቢ የነበሩት ዖቫድያ ዮሴፍ ቤተ እስራኤል ከዳን ነገድ የወጡ አይሁድ ናቸው ብለው ፈረዱ፤ በ1975ም የአገሪቱ መንግሥት በመመለስ ሕግ መሠረት የመግባት መብት እንዳላቸው ተቀበለ። ከዚያ በኋላ የሆነው ብዙ ጊዜ የተተረከ ስለሆነ አላስረዝመውም። በእግራቸው ወደ ሱዳን ወርደው በኡም ራኩባና በገዳሪፍ አካባቢ መጠለያ ከሰፈሩት ውስጥ 4,000 ያህሉ በመንገድና በሰፈር በረኀብ፣ በበሽታና በሽፍታ እጅ አልቀዋል ተብሎ ይገመታል፤ መታሰቢያቸውም ዛሬ በኢየሩሳሌም በሄርዝል ተራራ ላይ ቆሟል። ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 በዘመቻ ሙሴ ከ6,000 በላይ፣ በግንቦት 1991ም ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው በዘመቻ ሰሎሞን በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰዎች ተጓዙ፤ ወንበሩ ተነቅሎ በወጣለት በአንድ አውሮፕላን ብቻ ከ1,000 በላይ ነፍስ ተሳፍሮ ነበር።

ደስታው ሳይበርድ ጥርጣሬ መጣ። የረቢዎቹ ጉባኤ፣ ቤተ እስራኤል ለብዙ መቶ ዓመታት ከቀረው የአይሁድ ወገን ተለይተው ስለ ኖሩ የጋብቻና የፍቺ ሥርዓታቸው አጠራጣሪ ነው በማለት፣ ለጥንቃቄ ያህል እንደ አዲስ አማኝ በውኃ እንዲነከሩ ጠየቀ፤ በመጀመሪያማ አስቀድሞ ከተገረዘው ወንድ የደም ጠብታ እንዲወሰድ እስከ መጠየቅ ተደርሶ ነበር። አባቶቹ በጎንደር አንጠመቅም ብለው ርስታቸውን ያጡለትን፣ የተሰደዱለትንም እምነት፣ ልጁ ኢየሩሳሌም ከደረሰ በኋላ ገና አልያዝኸውም ተባለ። በ1985 የመጸው ወራት ቄሶቹ፣ ሽማግሎቹና እናቶች በነጭ ሸማቸው እንደ ተጠቀለሉ በዋናው የረቢዎች ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት አንድ ወር ያህል ተቀምጠው አቤት አሉ። ከመጡ ገና ዓመት ያልሞላቸው፣ ቋንቋውን ያልለመዱ፣ ቤትና ሥራ ያላገኙ ሰዎች እንዲህ ያለ ጽናት ማሳየታቸውን ሳስብ እደነቃለሁ፤ መከራ የተቀበሉለትን ነገር ያውቁት ነበርና።

በዚያው ወራት ሌላም ለውጥ በጸጥታ ተከናወነ። በመቀበያ ማዕከሉ፣ ማለት እነርሱ መርከዝ ክሊታ በሚሉት ስፍራ፣ ጸሐፊዎች ለሕፃናቱ የዕብራይስጥ ስም ሰጡ፤ የአያትም ስም የቤተሰብ መጠሪያ ሆኖ ተመዘገበ። ክፋት አስቦ ይህን ያደረገ ሰው አልነበረም፤ እንዲያውም ልጆቹ ቶሎ እንዲላመዱ ከማሰብ የመጣ ነበር። ይሁን እንጂ እናቱ በስለት አግኝታው ስለ ስለትዋ የሰየመችውን ልጅ፣ ስሙን ለመጥራት ጊዜ ያጣ ጸሐፊ በአንድ መስመር ሌላ ሰው አደረገው። የዚያን አገር የበደል ጠባይ ያየሁት በዚህ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በቁጣና በስድብ አይመጣም፤ ፈገግ ብሎ፣ ቅጽ ይዞ፣ ለአንተው ብዬ ነው እያለ ይመጣል።

ይህ ጠባይ ፈጽሞ የተገለጠው በጥር 1996 ነው። ማዓሪቭ የተባለው ጋዜጣ፣ የእስራኤል የአስቸኳይ ሕክምናና የደም ማኅበር የሆነው ማጌን ዳቪድ አዶም ኢትዮጵያውያን የለገሱትን ደም ለዓመታት በስውር ሲያስወግድ መኖሩን አወጣ። የኃላፊዎቹ ምክንያት ከአፍሪካ በመጡት መካከል የኤድስ ተሐዋሲ በብዛት ይገኛል የሚል ነበር። ደምን መርምሮ መለየት የሐኪም ግዴታ ነው፤ ለታማሚውም የሚገባው ጥንቃቄ ነው፤ ማንም አስተዋይ ሰው በዚህ አይከራከርም። ነገር ግን የተደረገው ይህ አልነበረም። ሰውየውን በግል ስለ ጤናው አልጠየቁትም፤ በትውልዱ ብቻ ፈረዱበት፤ ፍርዱንም ከእርሱ ሰወሩት። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወታደር እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን ይዘረጋል፤ ደሙ ወደ ከረጢቱ ሲወርድ ያያል፤ የቆሰለ ጓዱን እንዳዳነ እያሰበ ወደ ጦር ክፍሉ ይመለሳል፤ ከረጢቱ ግን በር ሲዘጋ ይደፋል። ለምን አትነግሩትም ነበር ተብለው በተጠየቁ ጊዜ፣ እንዳያፍርና ስሜቱ እንዳይጎዳ አስበን ነው የሚል መልስ ተሰማ። ለእኔ ከመድፋቱ ይልቅ የከበደኝ ይህ መልስ ነው፤ ምክንያቱም ጠላት የሚያደርገውን ነገር በወዳጅ አንደበት ማድረግ የተበዳዩን የመቆጣት መብት ሳይቀር የሚወስድበት ስለሆነ ነው።

ጥር 28 ቀን 10,000 ያህል ሰዎች ከየከተማው በአውቶቡስ ተጭነው በኢየሩሳሌም በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ተሰበሰቡ። እስከዚያ ቀን ድረስ ጨዋ፣ ዝምተኛና ታዛዥ እየተባሉ ይመሰገኑ የነበሩት ሰዎች ድንጋይ ወረወሩ፤ ፖሊስም በአስለቃሽ ጋዝና በውኃ መድፍ መለሳቸው፤ ከሁለቱም ወገን ብዙ ሰው ቆሰለ። የቀድሞው የአገሪቱ ፕሬዚደንት ይስሐቅ ናቮን የመሩት መርማሪ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ከማኅበረሰቡ መሪዎች አንዱ የነበረው አዲሱ መሰለም በዚያው ዓመት በተደረገው ምርጫ የአገሪቱ ምክር ቤት ወደሆነው ወደ ክኔሴት የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ተወላጅ ሆነ።

ዐሥራ ሰባት ዓመት ያልፋል። በታኅሣሥ 2013 የደም መለገሻ ጣቢያ በክኔሴት ቅጥር ግቢ ቆመ፤ በሦስት ዓመቷ በዘመቻ ሙሴ የመጣችው፣ በዚያው ዓመትም ለምክር ቤቱ አባልነት የተመረጠችው ፕኒና ታማኖ ሻታ እንደ ባልደረቦችዋ ደም ለመስጠት ቀረበች። ሠራተኞቹ በመመሪያው መሠረት የኢትዮጵያ ተወላጅ ደም እንደማይወሰድ ነገሯት፤ አጥብቃ በጠየቀች ጊዜም ወስደን እናቀዘቅዘዋለን፣ ለሰው ግን አይሰጥም አሏት። ፕሬዚደንቱም ጠቅላይ ሚኒስትሩም ድርጊቱን ነቀፉ። በ1996 የተሰወረው ነገር በ2013 በፊት ለፊት ተነገረ፤ መሻሻል ከተባለ መሻሻሉ ይኸው ብቻ ነበር። ሕግ አውጪ ሆና በተቀመጠችበት ቤት ደጃፍ ላይ ያገኛት ነገር በመንደር ያለውን ወጣት ምን ያህል እንደሚያገኘው መገመት አያስቸግርም፤ በ2012 በቂርያት ማላኪ የአንዳንድ ሕንፃ ነዋሪዎች ቤታቸውን ለኢትዮጵያውያን ላለመሸጥና ላለማከራየት ተስማምተው ስለ ተገኙ ሕዝቡ ሰልፍ በወጣ ጊዜ፣ አንድ ወጣት ተማሪ ከዚያች ከተማ ተነሥቶ እስከ ኢየሩሳሌም በእግሩ ተጉዞ አቤቱታውን አሰምቷል፤ አባቶቹ ወደ ኢየሩሳሌም በእግራቸው በጀመሩት መንገድ ላይ እርሱ ጥቂቱን ጨመረበት።

ከደም መለገሻው ወደ ጎዳናው ብንወጣ ነገሩ ይብሳል። በሚያዝያ 2015 ደማስ ፈቃደ የተባለ ወታደር የደንብ ልብሱን እንደ ለበሰ በሆሎን ከተማ በሁለት ፖሊሶች ሲደበደብ በካሜራ ተቀረጸ፤ ምስሉ ባይኖር ኖሮ ተከሳሹ እርሱ በሆነ ነበር የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ እኔም አልጠራጠርም። በቴል አቪቭ በራቢን አደባባይ የተቀጣጠለው ቍጣ መንግሥትን ስላስገደደው፣ በፍትሕ ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር በኤሚ ፓልሞር የሚመራ ኮሚቴ በ2016 ዘረኝነት በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ውስጥ መኖሩንና ፖሊስ በማኅበረሰቡ ላይ ከልክ ያለፈ እጅ ማሳረፉን በጽሑፍ አመነ፤ ይህን የሚከታተል ክፍልም ተመሠረተ። በጽሑፍ ማመን ግን ጥይት አላስቆመም። በጥር 2019 በባት ያም የአእምሮ ሕመም የነበረበት ይሁዳ ቢያድጋ፣ በሰኔ ወር መጨረሻ ደግሞ በሐይፋ ከተማ በቂርያት ሐይም ሰሎሞን ተካ የተባለ የዐሥራ ስምንት ዓመት ልጅ በፖሊስ ጥይት ወደቁ። ሰሎሞንን የገደለው ፖሊስ ከሥራ ውጭ የነበረ ሲሆን፣ ወደ መሬት ተኵሼ ነው ብሏል፤ የቀረበበትም ክስ በቸልተኝነት ሰው መግደል ነበር። በየመንገዱ ጎማ ነደደ፤ እናቶች ለልጆቻቸው ፖሊስ ሲጠራህ እጅህን ከኪስህ አውጣ፣ አትሩጥ፣ ድምፅህን አታሰማ ብለው እንደሚያስተምሩ በየአደባባዩ ተናገሩ። ከጥይቱ ሌላ መረሳትም ነበረ፤ ከአስቀሎና ተነሥቶ በመስከረም 2014 አጥር ተሻግሮ ጋዛ የገባውና በዚያ የተያዘው የአቬራ መንግሥቱ ነገር ለወራት እንዳይወራ ታግዶ ቆየ፤ እርሱም የተመለሰው በየካቲት 2025 ነው፤ ቤተሰቡ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ልጃችን ሌላ መልክ ቢኖረው ኖሮ እንዲህ ይረሳ ነበር ወይ እያሉ ጠይቀዋል።

ዛሬ በእስራኤል ከ160,000 በላይ የሆነው ይህ ሕዝብ መኰንን፣ ሐኪም፣ ዳኛ አፍርቷል፤ የቤተ እስራኤል በዓል የሆነው ስግድም ከ2008 ጀምሮ በሕግ ታውቋል፤ ፕኒናም በ2020 የስደተኞች መቀበያ ሚኒስትር ሆና ተሾመች። በእርስዋ ጊዜ ከጎንደርና ከአዲስ አበባ ከ2,000 በላይ ሰዎች ተወሰዱ። በኢትዮጵያ የቀሩት፣ አያቶቻቸው በልዩ ልዩ ምክንያት ክርስትናን የተቀበሉ፣ እነርሱ ግን ወደ ኦሪት የተመለሱ፣ ፈላሻ ሙራ የሚባሉት ናቸው፤ አንዳንዶቹ መንደራቸውንና መሬታቸውን ትተው ወደ ከተማ ከመጡ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ለእነርሱ የመመለስ ሕግ አይሠራም፤ ሲገቡም እንደ አዲስ አማኝ ሥርዓት ይፈጽማሉ፤ ለመግባትም በእናት ወገን የሚቈጠር ትውልድ ወይም በዚያ አገር ካለ ሰው ጋር የደም ዝምድና ማስረዳት ይጠበቅባቸዋል። በጎንደር ከተማ በጸሎት ቤቱ አጠገብ በተከራየው አንድ ክፍል ውስጥ የሚኖረው ሰው ፎቶግራፎቹንና ወረቀቶቹን በፌስታል ጠቅልሎ ይዟል፤ በፎቶግራፉ ላይ ወንድሙ የወታደር ልብስ ለብሶ ቆሟል፤ እርሱ ግን የአንድ እናት ልጆች መሆናቸውን የሚመሰክሩለትን ሽማግሎች ለመፈለግ ነገ ወደ ተወለደበት መንደር ይወጣል።