የድልድይ ሶሌታ ክዳን አይደለም

ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ በደብረ ሲና በኩል ሸዋ ሮቢት የወረደን ሰው ስለ መንገዱ ጠይቁት። ጣሊያን በወረራው ዘመን የፈለፈለውን የጣርማ በር ዋሻ፣ ጉሙን፣ ገደሉን፣ የደብረ ሲናን ቆሎ ይተርክላችኋል። ስንት ድልድይ እንደ ተሻገረ ብትጠይቁት ግን ዝም ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ካለ ደጋ 1,300 ሜትር ገደማ ወዳለ ቆላ የሚወርድ መንገድ ያለ ድልድይ እንዴት ይሆናል? እኔስ ዋሻው የድልድዮቹንም ዝና ጠቅልሎ ወስዷል ባይ ነኝ።

መሠረታዊው ነገር አጭር ነው፦ መኪናው በሶሌታው፣ ማለትም በጠፍጣፋው የአርማታ ወለል ላይ ይሄዳል፣ ሶሌታው በቢሞች ላይ ያርፋል፣ ቢሞቹ ሸክሙን ለምሰሶና ለዳርና ዳሩ ግንብ ያስረክባሉ። ጢስ ዐባይ አጠገብ እንዳለው እንደ አላታ ያለ የድንጋይ ድልድይ ቢም የለውም፤ በቅስት ተጫጭኖ ይቆማል። እሱን ለሌላ ቀን።

የሚያናድደኝ «ሶሌታው ክዳን ነው፤ የሚሸከመው ቢሙ ብቻ ነው» የሚለው ወሬ ነው። ቤት ያሠራ ሁሉ ይህን ይላል። እስኪ ሁለት እኩል ጣውላ ደርባችሁ በሁለት ድንጋይ ላይ አጋድሙና መሀላቸው ላይ ቁሙ። ጫፋቸውን እዩት፦ ሲጎብጡ አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታል። አሁን በማጣበቂያ አንድ አድርጓቸው። በዚያው ክብደት የሚጎብጡት የቀድሞውን ሩብ ብቻ ነው። እንጨት አልተጨመረም፤ መንሸራተቱ ቀረ እንጂ።

ሶሌታና ቢም አንድ ላይ ሲሠሩ የሚሆነው ይኸው ነው። የተጋደመ ቢም ሲጫን ሆዱ ይለጠጣል፣ ጀርባው ይታመቃል። አርማታ መታመቅን ይችላል፤ መለጠጥ ላይ ግን ጉልበቱ አንድ ዐሥረኛ ያህል ነው። ስለዚህ ወፍራሙ ፌሮ በሆዱ በኩል ይታሰራል። ጀርባውንስ ማን ይችለዋል? ሶሌታው! ቢሙ ብረት ከሆነ ደግሞ ባለ ጭንቅላት አጫጭር ብረቶች በላዩ ተበይደው ሶሌታው ውስጥ ይቀበራሉ፤ ሥራቸው ያንኑ መንሸራተት መከልከል ነው። በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ በዐባይ በረሃ የተመረቀው 303 ሜትር የሕዳሴ ድልድይማ ተሸካሚው ውስጡ ባዶ የሆነ የአርማታ ሳጥን ነው፤ መኪና የሚሄድበት ወለል የሳጥኑ የላይኛው ግድግዳ ነው።

መርከብ ሠሪዎች ይህን በመከራ ተምረዋል። መርከብም በማዕበል ላይ የተጋደመ ቢም ነው፤ ማዕበሉ ከመሀል ሲያነሣው የላይኛው ወለል ይለጠጣል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካ በጥድፊያ የሠራቻቸው የሊበርቲ መርከቦች ሲሰነጠቁ፣ ስንጥቁ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ወለሉ ላይ ከተቆረጠው የጭነት ማስገቢያ ሹል ማዕዘን ነበር። ብረቱ በብርድ ተሰባሪ መሆኑም አግዟል።

ባለፈው በጋ በዚያ ቁልቁለት ካሉት ድልድዮች ባንዱ ሥር ገብቼ ሳንጋጥጥ፣ አይሱዙውን የሚያጥብ ሹፌር «ጋሼ፣ ምን ጠፋብዎ?» አለኝ። ከሶሌታው ግርጌ ውሃ ነጭ መስመር ሠርቷል፤ ዳር ላይ አርማታው ተልጦ የዛገ ፌሮ ይታያል። አሳየሁት። «እሱስ ምንም አይደል፤ ተሳቢ ሲያልፍ ግን ይንቀጠቀጣል፤ መውደቂያው ደርሷል» አለ። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። 20 ሜትር ቢም በሚያልፍ ጭነት እስከ 25 ሚሊ ሜትር ቢጎብጥ በተለመደው የዲዛይን መመሪያ የተፈቀደ ነው። የሚያስፈራው ላይ ወጥቼ ያየሁት ነው፦ የውሃ መውረጃው ቧንቧ በአፈርና በፕላስቲክ ጠርሙስ ተደፍኗል። መውረጃ ያጣ ውሃ ሶሌታው ውስጥ ሰርጎ ፌሮውን ያዝጋል።

አስፋልት ደራቢዎችም ስሙ። 20 ሜትር ርዝመት፣ 7 ሜትር ስፋት ባለው ድልድይ ላይ አሮጌውን ሳይልጡ 5 ሳንቲ ሜትር መደረብ፣ 16 ቶን ያህል ጭነት ቀንና ሌሊት ማቆም ነው። ለቧንቧ ማሳለፊያ ሶሌታ የሚበሳ፣ ፌሮ የሚቆርጥ ሰውም የበሳው የቢሙን ጀርባ መሆኑን ይወቅ። ክረምት ሳይገባ የተደፈነ ቧንቧ መጥረግ አካፋ ለያዘ አንድ ሰው የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ የዛገ ፌሮ መቀየር ግን መንገድ ያዘጋል።