ከጉና ግርጌ እስከ ጓንት መደብር፦ የእንስሳት ደኅንነት መስፈርቶችና የደቡብ ጎንደር የበግ ሌጦ

በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የሚገኙ የፋሽን ችርቻሮ ድርጅቶች የሚሸጡት ጓንት፣ ጃኬት ወይም ቦርሳ ከየትኛው እንስሳ፣ በምን ዓይነት አያያዝ እንደተገኘ እንዲያስረዱ የሚቀርብባቸው ጥያቄ ባለፉት ሁለት ዐሥርት ዓመታት እየጠነከረ መጥቷል። ጥያቄው ሰንሰለቱን ተከትሎ ወደ ኋላ ሲጓዝ ከጓንት ፋብሪካው ወደ ቆዳ ፋብሪካው፣ ከቆዳ ፋብሪካውም ወደ ጥሬ ሌጦ ነጋዴው ይደርሳል። ከዚያ ወዲያ ያለው አርቢ ዘንድ ግን እምብዛም አይዘልቅም። ይህ ጽሑፍ በደብረ ታቦር ዙሪያ የሚረባውን የፋርጣ በግ መነሻ በማድረግ ጥያቄው ለምን መንገድ ላይ እንደሚቀር ያብራራል።

የፋርጣ በግ ስሙን ያገኘው ከፋርጣ ወረዳ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ የበግ ዝርያዎች ምደባ ውስጥ ከመንዝና ከሰቆጣ በጎች ጋር አጭር ላት ካላቸው የደጋ በጎች ወገን ይመደባል። ደብረ ታቦር ወደ 2,700 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ስትገኝ የጉና ጫፍ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ገብስና ድንች በሚበቅልበት በዚህ ብርዳማ አገር በግ የቤተሰቡ ተንቀሳቃሽ ጥሪት ነው፤ የማዳበሪያ ዕዳ ሲመጣ፣ ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ ወይም በዓል ሲደርስ ይሸጣል። ሌጦው (በንግዱ ቋንቋ «ቆዳ» የከብት፣ «ሌጦ» የበግና የፍየል ነው) ቀጭን ሆኖ ጠንካራ በመሆኑ የኢትዮጵያ ደጋ በግ ሌጦ በዓለም ገበያ ለጓንት ሥራ ተፈላጊ ሆኖ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2023 ሥራውን ያቆመው የእንግሊዙ ፒታርድስ ኩባንያ ለረጅም ዘመን ይህንኑ ሌጦ ሲጠቀም ኖሯል። በአገሩም ቢሆን የበግ ሌጦ ደበሎና አጎዛ፣ ፀጉሩም ባና እየሆነ ሲያገለግል የኖረ በመሆኑ፣ «ፋሽን» የሚለው ቃል አዲስ ቢሆንም በግን መልበስ ለጉና ሰው አዲስ ነገር አይደለም።

አሁን በሥራ ላይ ያሉት መስፈርቶች የመጡት ከሌላ ዓለም ነው። መነሻቸው እ.ኤ.አ. በ1965 በብሪታንያ የቀረበው የብራምቤል ኮሚቴ ሪፖርት ሲሆን፣ በጠባብ ጎጆ የታጨቁ ዶሮዎችና በሣጥን ውስጥ የሚያድጉ ጥጆች የቀሰቀሱት ጉዳይ ነበር። ከዚያ የተገኙት አምስቱ ነፃነቶች፣ ማለትም ከረሃብና ከጥም፣ ከምቾት እጦት፣ ከሕመም፣ ከጉዳትና ከበሽታ፣ ከፍርሃትና ከጭንቀት ነፃ መሆን እንዲሁም ተፈጥሯዊ ጠባይን መግለጽ መቻል፣ የአብዛኞቹ የችርቻሮ ድርጅቶች ፖሊሲ መሠረት ሆነዋል። በእነዚህ ሲመዘን የፋርጣ በግ ያለበት ሁኔታ ከፋብሪካ እርባታው የተገላቢጦሽ ነው። ቀኑን ሙሉ ከመንጋው ጋር በግጦሽ የሚውል እንስሳ ተፈጥሯዊ ጠባዩን የሚነፍገው የለም፤ ነገር ግን በበጋው ማብቂያ መኖ ያጥረዋል፣ የውስጥና የውጭ ጥገኛ ተባዮች ያሠቃዩታል፣ የእንስሳት ሐኪምም ከሩቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ኃላፊነት የተሞላበት የሱፍ መስፈርት ከሚከለክላቸው ድርጊቶች ዋነኛው የሜሪኖ በግን የጭራ ዙሪያ ቆዳ ከነሕይወቱ ቆርጦ የማንሣት ልማድ ነው። ልማዱ በአውስትራሊያ የዝንብ እጭ በበጉ ላይ እንዳይራባ ለመከላከል የተጀመረ ሲሆን ለፋርጣ አርቢ ጨርሶ የማይታወቅ ነገር ነው። ስለዚህ አርቢው በዚህ ጥያቄ ሳይደክም ያልፋል፤ በጉን በእውነት የሚያሠቃየው ነገር ግን ከጥያቄዎቹ ጎልቶ አይገኝም።

ያ ነገር እከክ ነው። በቅማል፣ በመዥገርና በእከክ ቅንቅን ከሚደርሰው ጉዳት ሌላ በደጋው የበግ ፀጉር ውስጥ ሕይወቷን ሙሉ የምትኖር፣ ክንፍ የሌላት ደም መጣጭ ዝንብ አለች፤ ሳይንሳዊ ስሟ ሜሎፋገስ ኦቪነስ ሲሆን ቀዝቃዛ አየር ይስማማታል። በጉ ሲታከክ ከግንድና ከድንጋይ ጋር ይተሻሻል፣ ፀጉሩ ይነጫል፣ ከግጦሽ ይስተጓጎላል። ቆዳው ለተባዩ ንክሻ የሚሰጠው የአለርጂ ምላሽ ደግሞ በሌጦው ገጽ ላይ ጥቃቅን እብጠቶችን ይተዋል። በኒውዚላንድ የተካሄዱ ጥናቶች ተመሳሳይ ጉድለት ከበግ ቅማል ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳይተዋል። በኢትዮጵያ ቆዳ ፋብሪካዎችም ጉድለቱ በሽታው በሚጠራበት በዚያው ስም «እከክ» ይባላል። እዚህ ላይ የእንስሳው ሥቃይና የፋብሪካው ኪሳራ አንድ ሆነው የሚገኙበት፣ በሌላ የእንስሳት ደኅንነት ጉዳይ እምብዛም የማይታይ ሁኔታ አለ። በጉን ማከም ሌጦውን ማዳን ነው።

ይህ ከሆነ ገበያው ራሱ ችግሩን ሊፈታው አይገባም ነበርን? አልፈታውም፤ ምክንያቱ ጉድለቱ የሚታይበት ጊዜ ነው። እከክ በጥሬ ሌጦ ላይ ፀጉሩ ስለሚሸፍነው በዓይን አይለይም፤ የሚገለጠው ሌጦው ፋብሪካ ገብቶ ፀጉሩ ከተነሣና በአሲድና በጨው ከተዘጋጀ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ከደብረ ታቦር፣ ከክምር ድንጋይና ከነፋስ መውጫ የመጡት ሌጦዎች ከወሎና ከጎጃም ከመጡት ጋር ተቀላቅለዋል። ነጋዴው ከገበሬው የሚገዛው በቁጥር ነው፤ በጉን ያስረጨውና ያላስረጨው ገበሬ እኩል ዋጋ ይቀበላሉ። በዚህ ላይ እ.ኤ.አ. በ2008 መንግሥት በጥሬ ቆዳና ሌጦ ወጪ ንግድ ላይ 150 በመቶ ቀረጥ ሲጥል ዓላማው በአገር ውስጥ እሴት እንዲጨመር ማድረግ ቢሆንም፣ ለአርቢው የቀረለት ገዥ የአገር ውስጥ ቆዳ ፋብሪካ ብቻ ሆነ። በቅርብ ዓመታት ዋጋው ከመውደቁ የተነሣ ከበዓል ማግሥት ሌጦ በየሜዳው ተጥሎ ማየት የተለመደ ነው። የሚጣል ነገር ጥራቱ እንዲጠበቅ ገበሬውን መምከር ትርፉ ድካም ነው።

ሁለተኛው መሰናክል እርዱ ነው። የደቡብ ጎንደር በግ በአብዛኛው የሚታረደው በቄራ ሳይሆን በቤት ጓሮ፣ በገና፣ በፋሲካ፣ በዓረፋና በሠርግ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው የእርድ ደንብ ቁጥር 1099 በሃይማኖት ሥርዓት ለሚፈጸም እርድ እንስሳውን አስቀድሞ የማደንዘዝ ግዴታን ያነሣል፤ ነገር ግን እርዱ በቄራ እንዲፈጸም ይጠይቃል። ከውጭ የሚገባ ሥጋም ተመጣጣኝ ሁኔታ እንዲያሟላ ይጠበቅበታል፤ ሌጦ ግን በዚህ ግዴታ ሥር አልወደቀም። በሌላ አነጋገር ሕጉ ሥጋውን ተከትሎ ሲሄድ ሌጦውን የሚከተለው የግል መስፈርት ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የተቋቋመው የቆዳ ሥራ ቡድን የሚያካሂደው ኦዲት በዋናነት የሚመረምረው የቆዳ ፋብሪካውን የአካባቢ አያያዝ ሲሆን፣ የሌጦው ምንጭ እስከ ቄራ ድረስ መታወቁንም ይመዝናል። ቄራ በሌለበት ሰንሰለት ይህ ነጥብ የሚገኝበት መንገድ የለም። ስለዚህ በጓሮ የታረደ የፋርጣ በግ ሌጦ በጉ የቱንም ያህል በእንክብካቤ ያደገ ቢሆን «ምንጩ የማይታወቅ» ተብሎ ይመዘገባል። በአንጻሩ በጥብቅ የሚታጎሩ እንስሳትን የሚያርድ ዘመናዊ ቄራ ዱካው የተሟላ ሌጦ ያቀርባል። መስፈርቱ የሚለካው መዝገብን ሆኖ ሳለ ደኅንነትን እንደለካ ተደርጎ መወሰዱ የዚህ ዘርፍ ትልቁ ግድፈት ነው።

ይህ ማለት ግን በደጋው ሁሉ ነገር መልካም ነው ማለት አይደለም። እግሩ ታስሮ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ተጭኖ ከአንዱ ገበያ ወደ ሌላው የሚጓዝ በግ በየትኛውም መስፈርት ቢሆን ተቀባይነት የለውም። የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ያጸደቃቸው የመጓጓዣ ድንጋጌዎች ኢትዮጵያንም እንደ አባል አገር ይመለከቷታል። በአገፋፈፍ ጊዜ በቢላዋ የሚደርሰው ቀዳዳም ለሌጦው መበላሸት ሌላ ምክንያት ቢሆንም፣ ያ ከእንስሳው ሥቃይ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

ለእንዲህ ዓይነቱ ሰንሰለት የሚስማማው የመለኪያ አሃድ አንድ እርሻ ሳይሆን ቀበሌ ይመስላል። በአማራ ክልል የውጭ ጥገኛ ተባይን በርጭት የመቆጣጠር ልምድ አለ። አንድ ገበሬ ብቻውን ቢያስረጭ የጎረቤት መንጋ በጋራ ግጦሽ ላይ መልሶ ያስይዘዋል፤ መድኃኒቱ የተባዩን እንቁላልና ሙሽሬ ስለማይገድል ደግሞ በሳምንታት ልዩነት ሁለተኛ ዙር ያስፈልጋል። የቀበሌው የእንስሳት ጤና ኬላ የሚይዘው የርጭት መዝገብ፣ ከቀበሌው ለሚሰበሰብ ሌጦ በተለየ ምልክት ከታገዘ፣ ከቄራ መዝገብ ይልቅ ስለ በጉ ኑሮ የሚናገረው ብዙ ነው። ችግር የሚመጣው ከራሱ ከመድኃኒቱ ነው። በአገሪቱ በስፋት ጥቅም ላይ የዋለው ዳያዚኖን ለሚረጨው ሰው ነርቭ አደገኛ ከሆኑት የኦርጋኖፎስፌት ኬሚካሎች አንዱ ነው፤ ፀረ ተባይ ቅሪትም የችርቻሮ ድርጅቶቹ የኬሚካል ቁጥጥር የሚያተኩርበት ጉዳይ ነው። በጉን ከእከክ የሚያድነው ርጭት በአንዱ መስፈርት ሲያስመሰግን በሌላው ሊያስጠይቅ ይችላል። ከዚያም በፊት የሁለተኛውን ዙር ወጪ የሚሸፍን መገኘት አለበት፤ ከንጹሕ ሌጦ የሚያተርፉት ፋብሪካውና ቸርቻሪው ሲሆኑ እስካሁን ከኪሱ እንዲከፍል የሚጠበቀው ገበሬው ነው።