ስህተት ሲወደድ፦ የተዛባች ቴምብርን ሳይንስ እንዴት ይመረምራል?

ማተሚያ ቤቶች የተበላሸ ኅትመት ሲያገኙ ይጥሉታል። ቀለሙ የተዛባ መጽሐፍ ወደ መደብር አይወጣም፤ ሥዕሉ የተገለበጠ ጋዜጣም ወደ አንባቢ አይደርስም። በቴምብር ዓለም ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከተቆጣጣሪ ዓይን አምልጣ ወደ ሕዝብ እጅ የገባች አንዲት የተበላሸች ቴምብር፣ በትክክል ከታተሙት በርካታ አምሳያዎቿ ሁሉ የበለጠ ዋጋ ታወጣለች። ሰብሳቢዎች በጨረታ ላይ ሚሊዮኖች የሚከፍሉት ለውበቷ አይደለም። የሚከፍሉት ታስቦ ሳይሆን በአጋጣሚ ለተፈጠረና ዳግም ለማይገኝ ክስተት ነው።

እንግዲህ ለሳይንስ ተማሪ የሚቀርበው ጥያቄ የሚከተለው ነው። ስህተቱ በእርግጥ በማተሚያው መኪና ላይ የተፈጸመ ይሁን፣ ወይስ ከዓመታት በኋላ በኬሚካል ብልቃጥ ውስጥ የተሠራ፣ በምን ለይተን እናውቃለን? በዚህ ጽሑፋችን ጥያቄውን በታወቁ ምሳሌዎች እያስደገፍን እንመለከታለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቢጫዋ ባለ ሦስት ስኪሊንግ

ስዊድን የመጀመሪያዎቹን ቴምብሮቿን ያወጣችው በ1855 ነበር። ለባለ ሦስት ስኪሊንጉ ቴምብር ሰማያዊ አዘል አረንጓዴ፣ ለባለ ስምንቱ ደግሞ ብርቱካናማ አዘል ቢጫ ቀለም ተመደበላቸው። በ1880ዎቹ አጋማሽ ጌኦርግ ቪልሄልም ባክማን የተባለ የ14 ዓመት ተማሪ በአያቱ ቤት የነበሩ አሮጌ ደብዳቤዎችን ሲያገላብጥ፣ ዋጋዋ ሦስት ስኪሊንግ፣ ቀለሟ ግን ቢጫ የሆነ ቴምብር አገኘ። በላይዋ ላይ የጁላይ 13 ቀን 1857 የፖስታ ቤት ማኅተም ተመትቶባታል። ልጁ በ7 ክሮና ለቴምብር ነጋዴ ሸጣት። ይህችው ቴምብር በ1984 ለጨረታ ቀርባ 977 ሺህ 500 የስዊስ ፍራንክ አወጣች፤ በ1996 ደግሞ ከ2.8 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ በላይ ተሸጠች። እስከ ዛሬ ሁለተኛ አምሳያ አልተገኘላትም።

ስህተቱ እንዴት ተፈጠረ? የዚያ ዘመን የስዊድን ቴምብሮች የሚታተሙት መቶ ትንንሽ የብረት ቅርጾች ጎን ለጎን ተደርድረው ከሚሠሩት ሰሌዳ ነበር። ተቀባይነት ያገኘው ማብራሪያ እንደሚለው፣ በባለ ስምንት ስኪሊንጉ ሰሌዳ ላይ አንዱ ቅርጽ በመጎዳቱ ሲለወጥ፣ በቦታው ባለ ሦስት ስኪሊንግ ቅርጽ በስህተት ገባ። እንዲህ ከሆነ ስህተቱ እስኪታረም ድረስ ከእያንዳንዱ መቶ ቢጫ ቴምብሮች አንዷ የሦስት ስኪሊንግ ጽሑፍ ይዛ ትወጣለች ማለት ነው። የቀሩት በደብዳቤ ላይ ተለጥፈው፣ ከደብዳቤውም ጋር ጠፍተው ሳይቀሩ አይቀርም።

የወረቀት ቀለም መሳሳትም ተመሳሳይ ውጤት ያስከትላል። በ1851 የጀርመኗ ባደን ግዛት ቴምብሮቿን በጥቁር ቀለም በልዩ ልዩ ባለ ቀለም ወረቀት ላይ ስታሳትም፣ በሐምራዊ ወረቀት ላይ መታተም የነበረበት ባለ ዘጠኝ ክሮይዘር ቴምብር ለባለ ስድስቱ በተመደበው አረንጓዴ ወረቀት ላይ ታተመ። ከእነዚህ ጥቂት ቴምብሮች አንዷ በ2019 ከ1.2 ሚሊዮን ዩሮ በላይ አውጥታለች።

ሦስተኛው ዓይነት ስህተት ግልባጭ ነው። በሁለት ቀለም የሚታተም ቴምብር በማተሚያው ውስጥ ሁለት ጊዜ ያልፋል። አሜሪካ በ1918 ለአየር ፖስታ ያወጣችው ባለ 24 ሳንቲም ቴምብር ቀይ ክፈፍ ሲኖረው፣ በመካከሉ ደግሞ ሰማያዊ አውሮፕላን ይታያል። በአንደኛው ዙር አቅጣጫው ስለ ተገለበጠ አውሮፕላኑ ተዘቅዝቆ የሚበር መስሎ ወጣ። ዊልያም ሮቤይ የተባለ ሰብሳቢ በዋሽንግተን ከተማ ከፖስታ ቤት መስኮት በ24 ዶላር የገዛው የመቶ ቴምብሮች ገጽ በሙሉ እንዲህ የተገለበጠ ነበር። በ15 ሺህ ዶላር ሸጠው። ከመቶዎቹ አንዷ ብቻ በ2023 ለጨረታ ቀርባ ወደ 2 ሚሊዮን ዶላር አወጣች።

ቀለም ሲያታልል

ይህን ያህል ገንዘብ በሚንቀሳቀስበት መስክ አታላይ እንደማይጠፋ ግልጽ ነው። የአውሮፕላኑን ሥዕል መገልበጥ ከባድ ነው፤ ቀለምን መለወጥ ግን አንዳንዴ ቀላል የኬሚስትሪ ሥራ ይሆናል።

አረንጓዴ የኅትመት ቀለም ብዙ ጊዜ የሰማያዊና የቢጫ ቅመሞች ድብልቅ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በስፋት ሲሠራበት የነበረው ፕረሽያን ብሉ የተባለው ሰማያዊ ቅመም ከአይረንና ከሳያናይድ የተዋቀረ ነው። ይህ ቅመም አሲድን በሚገባ ይቋቋማል፤ ቤዝ ሲያገኘው ግን ይፈርስና ቡናማ የአይረን ሃይድሮክሳይድ ይተካዋል። ስለዚህ ከዚህ ሰማያዊና ከቢጫ ቅመም የተሠራች አረንጓዴ ቴምብር ሰማያዊዋ ሲፈርስ ወደ ቢጫነት ታደላለች። ያልተማረ ዓይን ይህን የማተሚያ ስህተት ነው ብሎ ሊቀበለው ይችላል።

አታላይ ሳይኖርም ተፈጥሮ ራሷ ታሳስታለች። ክሮም ቢጫ የተባለው ቅመም በውስጡ ሌድ፣ ማለትም እርሳስ፣ ይዟል። በአየር ውስጥ ያለ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ቀስ በቀስ ሲነካው ጥቁር ሌድ ሰልፋይድ ይፈጠራል፤ ብርቱካናማ የነበረችውም ቴምብር ቡናማ ትሆናለች። ባለቤቱ ብርቅ የቀለም ስህተት አገኘሁ ብሎ ይደሰታል። ይሁንና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ሲቀባት ጥቁሩ ውሁድ ወደ ነጭ ሌድ ሰልፌት ይለወጥና የቀድሞው ቀለሟ መልሶ ብቅ ይላል፤ ደስታውም ያኔ ያበቃል።

ምርመራው እንዴት ይካሄዳል?

መርማሪው ቴምብሯን ሳይቆርጥና ሳያረጥብ መሥራት ይኖርበታል፤ ናሙና ልውሰድ ቢል የሚመረምረውን ነገር ያጠፋልና። ስለዚህ ዋና መሣሪያው ጨረር ነው።

በመጀመሪያ አልትራቫዮሌት መብራት ይበራባታል። ዘመናዊ የወረቀት ፋብሪካዎች ወረቀትን ይበልጥ ነጭ የሚያስመስሉ ኬሚካሎችን በስፋት መጠቀም የጀመሩት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። እነዚህ ኬሚካሎች በዚህ መብራት ሥር ደማቅ ሰማያዊ ብርሃን ይሰጣሉ። የ1850ዎቹ ናት የተባለች ቴምብር ወረቀቷ እንዲህ ካበራ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ተፍቆ የተደለዘ ጽሑፍና የተጠገነ ወረቀትም በዚሁ መብራት ብዙ ጊዜ ይጋለጣል።

ቀጥሎ የራጅ ፍሎረሰንስ የተባለው ዘዴ አለ። ራጅ አቶምን ሲመታ ከውስጠኛው ምህዋር ኤሌክትሮን ያስወጣል፤ ከውጭኛው ምህዋር ሌላ ኤሌክትሮን ወርዶ ክፍተቱን ሲሞላ ለዚያ ንጥረ ነገር ብቻ የተለየ መጠን ያለው ኃይል ይለቀቃል። ይህን ኃይል በመለካት በቀለሙ ውስጥ አይረን፣ ሌድ ወይም ክሮሚየም መኖሩን እናውቃለን። ዓይን የማያየው የፈረሰ ሰማያዊ ቅመም እንኳ አይረኑን ጥሎ ስለሚያልፍ ይያዛል።

የኢንፍራሬድ ስፔክትሮስኮፒ ደግሞ አቶሞች እርስ በርስ የተያያዙበትን ሁኔታ ያሳያል። እያንዳንዱ የኬሚካል ትስስር የሚንቀጠቀጠው በራሱ ድግግሞሽ በመሆኑ፣ ከዚያ ጋር የሚገጥመውን ኢንፍራሬድ ይውጣል። በፕረሽያን ብሉ ውስጥ ያለው የካርቦንና የናይትሮጅን ትስስር ጉልህ ምልክት ስላለው ከሌሎች ሰማያዊ ቅመሞች ይለያል።

የመሣሪያዎቹ ቁጥር ብቻውን ግን ፍርድ አይሰጥም፤ ማነጻጸሪያ ያስፈልጋል። እውነተኛዋ ቢጫ ባለ ሦስት ስኪሊንግ በቀለሟ መምሰል ያለባት የዋጋ እኩዮቿን አረንጓዴዎቹን ሳይሆን በዚያው ዘመን የታተሙትን ቢጫ ባለ ስምንት ስኪሊንጎች ነው። አረንጓዴዎቹን ብትመስል ኖሮ ታሪኳ በዚያው ባበቃ ነበር።

በእርግጥም በ1970ዎቹ የስዊድን ፖስታ ሙዚየም ቴምብሯን ሐሰተኛ ናት ብሏት ነበር። ከዚያ በኋላ ሁለት የተለያዩ የባለሙያዎች ኮሚሽኖች መርምረው እውነተኛ ስህተት መሆኗን አረጋገጡ። ተቃራኒው የደረሰው ለብሪቲሽ ጊያናዋ የ1856 ባለ አንድ ሳንቲም ቴምብር አምሳያ ነኝ ባይ ነው። ስህተት ባትኖርባትም በብቸኝነቷ የታወቀችው ይህች ቴምብር በ2014 ወደ 9.5 ሚሊዮን ዶላር፣ በ2021 ደግሞ 8.3 ሚሊዮን ዶላር አውጥታለች። በ1999 ከጀርመን ሁለተኛ ተገኘች ተብሎ ነበር፤ የለንደኑ ሮያል ፊላቴሊክ ሶሳይቲ ግን ሁለት ጊዜ መርምሮ ተለውጣ የተሠራች ባለ አራት ሳንቲም ቴምብር ናት አለ።

የአገራችን ጉዳይ

ጉዳዩ ከእኛም የራቀ አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የወጡት የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ቴምብሮች በ1894 ፓሪስ ውስጥ የታተሙ ሲሆን፣ ንድፉ የፈረንሳዊው ቀራጭ የኤዤን ሙሾን ነው። ከ1901 ጀምሮ በእነዚህ ቴምብሮች ላይ ልዩ ልዩ ተደራቢ ጽሑፎች በእጅ ማኅተም ይመቱ ነበር። በእጅ የሚመታ ማኅተም በቀላሉ ይገለበጣል፤ ሁለት ጊዜም ሊመታ ይችላል። ተደራቢ ጽሑፍ ያልተመታባቸው ቴምብሮች በብዛት ስለ ተረፉ ደግሞ ሐሰተኛ ማኅተም የሚመታባቸው ርካሽ ጥሬ ዕቃ አልታጣም። እዚህ ላይ ወረቀቱም ቴምብሩም እውነተኛ ነው፤ መመርመር ያለበት የማኅተሙ ቀለምና የፊደሉ ቅርጽ ብቻ ነው።

መሣሪያ የማይለካው

ሳይንስ ቁስን እንጂ ሐሳብን አይለካም። በ1962 አሜሪካ ለተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ለዳግ ሐማርሾልድ መታሰቢያ ባወጣችው ቴምብር ላይ ቢጫው መደብ ተገልብጦ የታተመ ገጽ ተገኘ። የፖስታ መሥሪያ ቤቱ ሹም ጥቂቶች በስህተት እንዳይበለጽጉ ብለው ግልባጩ ሆን ተብሎ በ40 ሚሊዮን ቅጂ እንዲታተም አዘዙ፤ ዋጋውም ወዲያው ወደቀ። የአጋጣሚዋ ቴምብርና የትእዛዟ ቴምብር በራጅ ሥር አንድ ናቸው። የሚለያያቸው ማን፣ መቼና ከየት ገዛት የሚለው ማስረጃ ነው።

ስለዚህ በቤታችን አሮጌ ደብዳቤ ብናገኝ ቴምብሩን ከፖስታው ለማላቀቅ ውኃ ውስጥ አንንከረው፤ ለማድመቅም ኬሚካል አንቀባው። ማኅተሙ፣ አድራሻውና ወረቀቱ ምስክሮች ናቸውና አብረው እንደ ተገኙ ይቀመጡ። መርማሪ መሣሪያዎች ወደፊት ይሻሻላሉ፤ ታጥቦ የጠፋ ማስረጃን ግን የትኛውም መሣሪያ አይመልሰውም።