ከተጣለ ቆርኪ የተሸመነ ታሪክ፤ ቀራፂው ኤል አናትሱይ

ጠርሙስ ሲከፈት ቆርኪው ይጣላል። ጋናዊው ቀራፂ ኤል አናትሱይ ግን የተጣለውን ቆርኪ በሺዎች እየሰበሰቡ፣ በመዳብ ሽቦ እያያያዙ የቤተ መዘክር ግድግዳ የሚሸፍን ግዙፍ የጥበብ ሥራ አድርገውታል። ከዚያ በፊት ለረጅም ዓመታት የሠሩት በእንጨት ነው። ከእንጨት ወደ ብረት ያደረጉት ጉዞ አንድ ጥያቄን የተከተለ ነው፤ አፍሪካዊ የጥበብ ሰው የሚሠራበትን ቁስ ከየት ያገኛል?

ኤል አናትሱይ እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1944 በጋና አንያኮ ተወለዱ። ከአባታቸው 32 ልጆች የመጨረሻው ሲሆኑ፣ ያሳደጓቸው አጎታቸው ናቸው። አባታቸው ኬንቴ የተሰኘውን የአካባቢውን ባህላዊ ልብስ ይሸምኑ ነበር። ወጣቱ አናትሱይ በኩማሲ የሥነ ጥበብ ትምህርታቸውን በ1969 አጠናቀቁ። ይሁን እንጂ የተማሩት በአብዛኛው የአውሮፓን የጥበብ ፈለግ የተከተለ ነበር። የራሳቸው ሕዝብ ጥበብ የት እንዳለ ለማወቅ ከትምህርት ቤቱ ውጭ መፈለግ ነበረባቸው።

መልሱን በመጀመሪያ ያገኙት በገበያ ውስጥ ነው። ቸርቻሪዎች ሸቀጣቸውን የሚደረድሩባቸውን ክብ የእንጨት ትሪዎች ወስደው፣ በጋለ ብረት እየተኮሱ ባህላዊ ምልክቶችን አሰፈሩባቸው። ትሪው ከውጭ የመጣ ውድ ዕቃ አልነበረም፤ የሰው እጅ የለመደው የዕለት መገልገያ ነበር።

በ1975 ወደ ናይጄሪያ ተሻግረው በንሱካ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመሩ፤ በዚያም ለአሥርት ዓመታት ቆዩ። በ1980 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ በነበራቸው ቆይታ ደግሞ የሞተር መጋዝን ለቅርፃቅርፅ መጠቀም ያዙ። መጋዙ እንጨቱን እየቦጨቀ ያልፋል፤ ቀራፂው የተቆረጠውን ጣውላ በእሳት ያጠቁሩታል፣ ጎን ለጎንም ያቆሙታል። የመጋዙ ጭካኔ ቅኝ ገዥዎች አፍሪካን የቆራረሱበትን መንገድ እንደሚያስታውስ ራሳቸው አስረድተዋል።

ወደ ብረት የወሰዳቸው አጋጣሚ የተፈጠረው በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። በንሱካ አካባቢ የአረቄ ጠርሙስ ቆርኪዎች የታጨቁበት የተጣለ ከረጢት አግኝተው ወደ ሥራ ቦታቸው ወሰዱት። ከረጢቱ ለወራት ሳይነካ ተቀመጠ። ኋላ ላይ ስሱን አልሙኒየም መጨፍለቅ፣ ማጠፍና መጠምዘዝ፣ ከዚያም በመዳብ ሽቦ ማያያዝ ጀመሩ። ውጤቱ ብረት ሆኖ ሳለ እንደ ጨርቅ የሚታጠፍ ነበር። ቀይ፣ ወርቃማና ጥቁር ቀለማቱም ኬንቴን አስታወሱ።

ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል። በርካታ ረዳቶች ቁርጥራጮቹን በየዓይነቱ ያያይዛሉ፤ አናትሱይ ደግሞ ወለል ላይ እያዘዋወሩ ያቀናጇቸዋል።

ቆርኪው የተመረጠው ግን ስለሚያብረቀርቅ ብቻ አይደለም። አውሮፓውያን ነጋዴዎች ወደ ምዕራብ አፍሪካ ካመጧቸው ሸቀጦች አንዱ መጠጥ ነበር፤ በመጠጥም ሰው ይለወጥ ነበር። በባርነት የተጋዙት አፍሪካውያን በአሜሪካና በካሪቢያን ሸንኮራ አገዳ አለሙ፤ ከሸንኮራውም መልሶ ሮም የተሰኘው መጠጥ ተጠመቀ። ስለዚህ ከሩቅ የክብር ልብስ የሚመስለው ሥራ፣ ሲቀርቡት የሦስት አህጉራትን መራር ታሪክ ይናገራል።

ሌላው ልዩ ባሕርይው ቋሚ ቅርፅ የሌለው መሆኑ ነው። ተጣጥፎ ይጓጓዛል፤ የሚሰቅሉት ባለሙያዎችም እጥፋቱን እንደ ቦታው ይወስናሉ። አንዱ ሥራ በሁለት ከተሞች ሁለት መልክ ሊኖረው ይችላል።

ዓለምም ዘግይቶ ቢሆን እውቅና ሰጥቷቸዋል። የብሪታንያ ቤተ መዘክር ቀደምት የቆርኪ ሥራዎቻቸውን በስብስቡ አካትቷል። በ2015 የቬኒስ ቢዬናሌ ለሕይወት ዘመን ሥራቸው ወርቃማ አንበሳ ሸልሟቸዋል። በ2023 ደግሞ የለንደኑ ቴት ሞደርን ግዙፍ አዳራሽ በሥራቸው ተሞልቷል።

ይህ ሁሉ ክብር የመጣው ግን በእብነ በረድ ወይም በነሐስ አልነበረም። የገበያ ትሪ፣ የተቃጠለ ጣውላና የተጣለ ቆርኪ፣ ሁሉም ሰዎች ሲገለገሉባቸው የኖሩ፣ በደጅ የተገኙ ቁሶች ናቸው።