የማይለወጥ ገጸ ባሕርይ ጥቅም፦ ከወለጋ ተረት እስከ ልዕለ ጀግና ኮሚክ

የሥነ ጽሑፍ ሐያሲ አንድን ገጸ ባሕርይ ሲመዝን ብዙ ጊዜ «በታሪኩ ውስጥ ተለውጧል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። መለኪያው የተቀዳው ከልቦለድ ነው፤ ተረትና ኮሚክ ሲመዘኑበት ግን ሚዛኑ ያጋድላል።

በኋላ በነቀምቴ የሰፈሩት ኦነሲሞስ ነሲብና ባልደረባቸው አስቴር ጋኖ፣ እ.ኤ.አ. በ1894 በምጽዋ አቅራቢያ በእምኩሉ የአፋን ኦሮሞ ማንበቢያ መጽሐፍ አሳትመዋል። መጽሐፉ ተረቶችን፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችንና ዘፈኖችን ይዟል። አስቴር በልጅነታቸው በባርነት ከአገራቸው ተወስደው ነበር፤ በርካታ ተረቶችንና ዘፈኖችንም ከትውስታቸው ጽፈዋል። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። ጅብ ምንጊዜም ሆዳምና ተላላ ሆኖ የሚቀርብበት ተረት መጽሐፍ በሌለበት፣ ከአገር ርቆም ቢሆን፣ በአእምሮ ተይዞ ይጓዛል። አድማጩ ያለፈውን ምሽት ተረት ባይሰማም የዛሬው አይጠፋበትም። ስለዚህ የጅቡ አለመለወጥ የተራኪው ድክመት ሳይሆን ተረቱ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍበት ስልት ነው።

ኮሚክ በኅትመት የሚወጣ ቢሆንም ከተረት ጋር ይህን ጠባይ ይጋራል። እ.ኤ.አ. በ1938 የታየው ሱፐርማን ዓመታት ቢያልፉም አያረጅም። ጣሊያናዊው ኡምቤርቶ ኤኮ በ1962 ባወጣው ጥናት እንዳስገነዘበው፣ እያንዳንዱ ታሪክ የቀደመውን ረስቶ እንደ አዲስ ስለሚጀምር ጀግናው ዕድሜውን አይፈጅም። በዚያው በ1962 የተፈጠረው ስፓይደርማን ግን ሌላ መንገድ ተከተለ፤ በ1965 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ጨረሰ፣ በ1987 አገባ። በ2007 ግን አሳታሚዎቹ ጋብቻውን ከታሪኩ ሰረዙት። ዕድገቱ የተነጠቀበት አንባቢ ቢቆጣ አያስገርምም፤ ተረት ሰሚ ጅቡ ካለፈው ስሕተቱ እንዲማር አይጠብቅም፤ ተከታታይ ኮሚክ የሚገዛ ሰው ግን የቀደሙትን ቅጾች ያስታውሳል።

እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ኢትዮጵያዊ ኮሚክ «ጀምበር» ከለውጥ ይነሣል፤ ሥራ ፈላጊው ወጣት ልዕለ ኃይል ያገኛል። ይህ አጀማመር ለአንድ ቅጽ ይበቃል፤ ፈተናው ታሪኩ ሲረዝም ነው። የወለጋን ተረቶች ወደ ኮሚክ ለመቀየር የሚያስብ ደራሲም ከዚሁ ፈተና አያመልጥም፦ ጅቡ በመጀመሪያው ቅጽ ከተማረ፣ ቀበሮ በሁለተኛው ማንን ታታልላለች?